የውሻ እግር በክረምት

ክረምት ሲገባ በጭሮ (በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርናና በበዴሳ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰው ጫማ ያደርጋል። ውሻው ግን በባዶ እግሩ ሌሊቱን ሙሉ ከርከሮ ሲያባርር ያድራል። እሱ ያነከሰ ቀን ማሽላው ጠባቂ የለውም።

የውሻ ውስጥ እግር ወፍራም ነው። በጣቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ግን ስስ ነው። ጭቃ እዚያ ገብቶ ሲቆይ ቆዳው ይርሳል፤ ይላላል፤ ይቆስላል። እሾህም ቶሎ ይወጋዋል።

በረዶ በሚበዛበት አገር ለውሻ ጫማ ያደርጉለታል። ነገሩ ያስቃል። ግን እዚያ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨውም እግሩን ያቃጥለዋል። ለእኛ ውሻ ውሃና ጨርቅ ይበቃዋል። ማታ ማታ እግሩን እጠቡለት፤ በጣቶቹ መሀል አድርቁለት። ደረቅ ሣር አንጥፉለት። ናፍጣ ግን አትቀቡት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

እሾህ ስትነቅሉለት አፉን በጨርቅ እሰሩ፤ አፍንጫውን አትዝጉ። ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው።