ደረት ሲጨንቅ ሰዓት ይቆጠራል፦ ቶሎ ሆስፒታል መድረስና ከልብ ሕመም ማገገም

እህቶቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሃርት አታክ፣ ማለትም ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ዓረቦቹ ብዙ ጊዜ «ጀልጣ» ይሉታል። በአንቺ በራስሽ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በምትንከባከቢያቸው አዛውንት ላይም ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢ፦ ሕመሙ ከጀመረበት ደቂቃ እስከ ሆስፒታል በር ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም የተሻለ ይሆናል።

ጊዜው ለምን ይወስናል?

ልብ ጡንቻ ነው፤ ለመሥራት ደም ይፈልጋል። ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች በስብ እየጠበቡ ይቆዩና አንድ ቀን እዚያው ላይ ደም ይረጋል፣ መንገዱም ይዘጋል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ደም ያጣው ጡንቻ መሞት ይጀምራል። በሚቀጥሉት ሰዓታት ጉዳቱ እየሰፋ ይሄዳል። የሞተው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ እንደ ቁስል ቆዳ አይታደስም።

ሆስፒታል ስትደርሺ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። ከዚያ ሐኪሞቹ ቀጭን ቱቦ በእጅ ወይም በጭን ሥር አስገብተው የተዘጋውን ይከፍታሉ፤ ስቴንት የምትባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ያስቀምጣሉ። ይህ በሌለበት የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል። እሱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት በጣም ይጠቅማል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ አይሰጥም።

ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሰዓት

ኩዌት ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማዳሜ እናት፣ ማማ ከቢራ፣ ከንጋት ሶላት ሲነሱ አገጫቸውን ይዘው ላብ በላብ ሆኑ። ልጃቸው ወዲያው አምቡላንስ ጠራች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ገቡ፣ ስቴንት ገባላቸው፣ በአራተኛው ቀን ቤት መጡ። ከወር በኋላ እኔን ተደግፈው ሳይሆን በራሳቸው እስከ ግቢው በር ይሄዱ ነበር።

ሌላዋ ፎቅ ላይ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከአርባ ብዙም አይበልጥም። በረመዳን የፍጡር ምግብ እየሠራች ጀርባዋንና ግራ እጇን አመማት፣ አስመለሳት። «ጨጓራዬ ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው» ብላ ፓናዶል ዋጠች። አሰሪዋም «ነገ እናያለን» አለቻት። ሆስፒታል የገባችው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ሕይወቷ ተረፈ፤ የልቧ ጡንቻ ግን በብዙው ተጎድቶ ነበር። ሁለት ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ እግሯ ያብጣል። ልብ ደም ለመርጨት ሲደክም የሚመጣው ይህ ነው። ወደ ሥራዋ መመለስ አልቻለችም፤ አገሯ ገባች።

ምልክቶቹ

• ደረት መሃል ላይ ጫና፣ መጨነቅ፣ መቃጠል፣ ድንጋይ የተጫነ ያህል
• ወደ ክንድ፣ አገጭ፣ አንገት ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም
• ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስን የመሳት ስሜት
• ያልተለመደ ከባድ ድካም

ሴቶች ላይ የደረት ሕመሙ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት ምልክቶች ጎልተው ይታያሉ። ስለዚህ ነው ብዙዎቻችን ጨጓራ ነው ብለን የምንዘገየው። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም ሲጋራና ሺሻ ካለ የበለጠ ጠርጥሪ።

ምን ታደርጊያለሽ?

1. ሰዓቱን ተመልከቺ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ ያዢ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።
2. አምቡላንስ ጥሪ። ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140።
3. በዓረብኛ እንዲህ በይ፦ «ኢስዓፍ! ሰድሪ ዪዐውርኒ፣ ማ አግደር አትነፈስ»፤ አምቡላንስ፣ ደረቴን ያመኛል፣ መተንፈስ አልቻልኩም ማለት ነው።
4. ሥራውን ተዪ። ቁጭ በይ፣ ደረጃ አትውጪ፣ ብቻሽን በታክሲ አትሂጂ። በመንገድ ላይ ልብ ቢቆም አምቡላንሱ ውስጥ ማስነሻ መሣሪያ አለ።
5. አስፒሪን የማያስቆጣሽ ከሆነና የሚደማ ነገር ከሌለብሽ፣ በስልክ ያሉት ባለሙያዎች ከፈቀዱ 300 ሚሊግራም አኝከሽ ዋጪ። የማዳምን የልብ መድኃኒት ግን አትውሰጂ።
6. የታመመው ሰው ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ፣ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅሽ በኃይል ተጫኚ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ።

ማዳም «ቆይ» ካለች

መጨቃጨቅ ጊዜ ይበላል። በአጭሩ «ማማ፣ ሙምኪን ጀልጣ፣ ላዚም ኢስዓፍ አልሒን» በያት፤ ጀልጣ ሊሆን ይችላል፣ አሁኑኑ አምቡላንስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ካልሰማችሽ ራስሽ ደውዪ። ስልክ ከሌለሽ በመስኮትም በበርም ጎረቤት ጥሪ። ኢቃማ የሌላት እህት እያዛለሁ ብላ እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ወረቀቱ ግን ከዳንሽ በኋላም መነጋገር ይቻላል፤ የሞተ የልብ ጡንቻ አይመለስም።

ማገገሚያው

ከሆስፒታል ስትወጪ የመውጫ ወረቀትሽንና የመድኃኒት ዝርዝርሽን በእጅሽ ያዢ፤ ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ስቴንት ከገባልሽ አስፒሪንና ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይታዘዝልሻል። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይወስዱታል። ደህና ነኝ ብለሽ በራስሽ ብታቆሚ ስቴንቱ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

በየቀኑ በእግርሽ ትንሽ ትንሽ ሂጂ፣ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ምንጣፍ መሸከም፣ ጋዝ ማንሳት፣ አዛውንት ከአልጋ ማንሳት ሐኪም ሳይፈቅድ አይሆንም። ወደ ሥራ መመለሻው እንደ ጉዳቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይለያያል። ማልቀስ፣ መፍራት፣ እንቅልፍ ማጣት ከዚህ ሕመም በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ እሱንም ለሐኪሙ ንገሪው።

መብትሽ

ዕረፍት ስትጠይቂ ያለ ሐኪም ወረቀት አትጠይቂ። በኤምሬትስ በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለ፤ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 15ቱ ያለ ክፍያ። በሊባኖስ የሥራ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ በ2009 የወጣው የሥራ ውል ግን አሰሪው ኢንሹራንስ እንዲገባልሽ ያስገድደዋል። በሌላ አገር ላለሽ፣ ውልሽ ላይ ስለ ሕክምና የተጻፈውን አስነብቢ።

ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። ያለሽበትን አገር የአምቡላንስ ቁጥር ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ የሰፈሩን ስም፣ የመንገዱንና የቤቱን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፈሽ ኩሽና ውስጥ ለጥፊ። አምቡላንስ አድራሻ ካልተነገረው አይደርስልሽም።