ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ፦ የአሮጌ ፕሪንተር ብልሽት አፈላለግ

«ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ከፕሪንተር ጥገና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ሴሚስተር የትምህርት ክፍላችንን የግድግዳ ጋዜጣ ልንለጥፍ አንድ ሌሊት ሲቀረን መብራት ሄደ። ሲመጣ ፕሪንተሩ አልነሳ አለ። መጨረሻ ላይ ያተመው አንድ ጓደኛችን ስለነበረ «እሱ ነው ያበላሸው» ተባለ። እኔም ብያለሁ። የማስጠገኛውን ገንዘብ ከኪሱ ይክፈል እስከማለት ደርሰን ነበር። በማግስቱ የላብራቶሪው ቴክኒሻን መጥተው ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሱ በሩብ ሰዓት አስነሱት። ያሳዩን ቅደም ተከተል ለሁላችንም ስለሚጠቅም እነሆ።

አንደኛ፣ ከግድግዳው ጀምሩ። የፕሪንተሩ መብራት ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ መታየት ያለበት ኃይል መድረሱ ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ዲቫይደሩን ትታችሁ ፕሪንተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ገመዱ የሚነቀል ከሆነም በሌላ ተመሳሳይ ገመድ ለውጡና እዩት። የእኛው ፕሪንተር ግድግዳው ላይ ሲሰካ መብራቱ ቦግ አለ። ለካ የሞተው ዲቫይደሩ ነው!

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ነው። ስለዚህ ዘመድ የላከውን ፕሪንተር ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ፤ ለ120 ብቻ የተሠራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። የተቃጠለ ፊውዝ ደግሞ አምፔሩ እኩል በሆነ ፊውዝ ይቀየራል እንጂ በሽቦ አይጠመጠምም። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ብልሽቱ ውስጥ ነው፣ ለባለሙያ ስጡት። ራሳችሁ አትክፈቱት፤ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ሊቆዩና ሊመቱ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ፕሪንተሩን ብቻውን ፈትኑት። ከኮምፒውተሩ ለዩትና የራሱን የሙከራ ገጽ ያትም። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤልኤክስ 300 ላይ ወረቀት አስገብታችሁ «ኤልኤፍ/ኤፍኤፍ» የሚለውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ ታበሩታላችሁ። ካተመ ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱን ገመዱ ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ገመዱን እዩ። የድሮው ፓራለል ገመድ በኮምፒውተሩ በኩል 25፣ በፕሪንተሩ በኩል 36 መገናኛዎች አሉት። ፕሪንተሩ ላይ ግራና ቀኝ ያሉት የሽቦ መያዣዎች መቆለፍ አለባቸው። ይህ ገመድ እንደ ዩኤስቢ እየሠራ አይነቀልም፤ ፖርቱን ሊያበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ሁለቱንም አጥፉ። የእኛው የሙከራውን ገጽ አትሞ ከኮምፒውተሩ ግን እምቢ ያለው አንዱ መያዣ ተከፍቶ ስለነበር ነው። ያላቀቅነውም እኛው ነን፣ ማታ በድንጋጤ ወዲያ ወዲህ ስንጎትተው!

አራተኛ፣ ኮምፒውተሩ። ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ተብሎ ይሆን? የተመረጠውስ ፖርት ትክክለኛው ነው? ፓራለል ገመድ በቀጥታ ከተሰካ ብዙ ጊዜ «ኤልፒቲ1» ነው። ፓራለል ፖርት በሌለው ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ መቀየሪያ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዩኤስቢ001» የሚለው ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ቴክኒሻኑ ደጋግመው ያሉን አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ ፕሪንተሩ ቢነሳም ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር አታውቁም።

ጋዜጣችን አንድ ቀን ዘግይቶ ተለጠፈ። ጓደኛችንን ይቅርታ ስንጠይቀው ሳቅ ብሎ «እናንተ ልጆች፣ ሳታጣሩ አትጻፉ ሲባል ክፍል አልነበራችሁም እንዴ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ፕሪንተር ሲቆም ሰው ከመክሰስ በፊት ሶኬቱን ማየት ይቀላል።