ያላዩትን ስለ መፍረድ
(ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ወሬና ስለ ወጣቶች ጨዋታ)

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ካህናትና ምእመናን በሰንበቴ ተሰብስበው ጸበል ጸዲቅ በሚቃመሱበት ሰዓት፤ ወሬው ቀድሞ ስለ ዝናምና ስለ እህል፤ ስለ ፍየልና ስለ ንብ ነበረ። ዛሬ ግን ሌላ ወሬ ተጨምሮበታል። አንዱ፤ ስልክ ተዘግቶም ቢሆን የሰውን ምሥጢር ያዳምጣል ይላል። ሁለተኛው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል ነገር ወጥቶ ጸሐፊውንም መምህሩንም ሊተካ ነው ይላል። ሦስተኛው፤ ልጆች በስልክ የሚጫወቱት ጨዋታ መናፍስት የሚጠሩበት ነው ይላል። በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ስምንተኛው ሺህ ገብቶአል ብለው ይፈርዳሉ፤ ጉባኤውም በዚህ ይበተናል። ከተናገሩት ሁሉ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ የሚል አንድ ስንኳ አይገኝም።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰንበት ለስብከት ቆመን፤ በስልክ የሚጫወቱ ልጆች ሁሉ ዕድሜያቸውን ለርኩስ መንፈስ የሰጡ ናቸው ብለን በኃይለ ቃል ተናገርን። እናቶችም እልል ብለው ተቀበሉን። ማታ ግን ከእኛ ዘንድ ቅኔ የሚማር አንድ ዲያቆን ወደ ቤታችን መጥቶ እጅ ከነሣ በኋላ፤ «የኔታ፤ ያዩት የትኛውን ጨዋታ ነው?» ብሎ ጠየቀን። የድፍረት ጥያቄ አልነበረም፤ ልጁ ለይቶ ሊርቅ የፈለገ ነበረ። እኛ ግን አንዱንም አላየንምና መልስ አጣን። ጨርሰህ ያልሰማኸውን ቅኔ አትንቀፍ እያልን ስናስተምር የኖርን ነንና እፍረታችን እጥፍ ሆነ።

ያን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ጨዋታው ኩኩሉ ይባላል። አንዲት ዶሮ ለበዓል ሊያርዳት ከሚያሳድዳት ገበሬ ትሸሻለች፤ ተጫዋቹም በጣቱ እየመራ መሰናክሉን ያዘልላታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ አምልጣው በአጥር ዙሪያ ያልሮጠ ካህን ማን አለ? ሳቅን። ሠሪዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ብንጠይቅ፤ በአዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 እንዳወጡት፤ ድርጅታቸውም ቅኔ እንደሚባል ነገረን። ስሙን ስንሰማ ዝም አልን።

ሌሎችንም እንዲያሳየን አዘዝነው። ከእነርሱ መካከል ሰው በጥይት የሚገደልባቸው አሉ፤ እነዚህን አልወደድናቸውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶበት በነበረው በዋግ ምድር የተኩስን ድምፅ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ታዲያ ይህን ድምፅ ለጨዋታ ብሎ መፈለግ ምን ማለት ነው አልን። ስንወቅሰው የነበረው አንድ ታዳጊ ልጅ ግን ቀና ብሎ፤ «አባታችን፤ በዚህኛው የሞተው ተመልሶ ይነሣል» አለን። ለዚህ ያዘጋጀነው ተግሣጽ አልነበረንም። ጨዋታውን ዛሬም አንወደውም፤ ነገር ግን ያን ልጅ ስለ ስልኩ ከመገሠጻችን በፊት ማን እንደ ሞተበት ልንጠይቀው ይገባን ነበር።

የችኰላ ፍርድ ከእኛ አልጀመረም። ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፤ ሰው ሳይታይ ድምፁ ይሰማልና የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ካህናት እንደ ተቃወሙ ይተረካል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መሣሪያውን አላስወጡትም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ፤ እነርሱም መልሱን በገዛ ድምፃቸው ሰደዱ። በአዲስ አበባ ሲኒማ በተከፈተ ጊዜም ሕዝቡ ያን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። ዛሬ ከዚያው ዘር የተገኘው ድምፅ ማጉያ በቤተ ክርስቲያን አጥር ተሰቅሎ ኪዳኑን ሲያሰማ የሚደነግጥ የለም፤ እንዲያውም ሲበላሽ ለማሠሪያው ገንዘብ የሚዋጣው ከምእመናን ነው።

ነገር ግን እነዚያ አባቶች አላዋቂዎች ነበሩ ብሎ ማለፍ ራሱ ሌላ የችኰላ ፍርድ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድ ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን መንገድ ያመጣሉ፤ እኛም አንድም እንበል። ፊቱ የማይታይ ድምፅ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አልነበረም። መሣሪያ የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገር በቻለበት በዚህ ዘመን፤ በእናት ድምፅ ተጠርቶ ገንዘብ ላክ የተባለ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል። ስሕተቱ ከጥያቄው ላይ አልነበረም፤ መልሱን ከመመርመር በፊት ከመስጠቱ ላይ ነበረ እንጂ።

ጨዋታንም በጅምላ የምንነቅፍ ከሆነ ከየት ልንጀምር ነው? በመሬትና በድንጋይ ጕድጓድ ቈፍረን ገበጣ ተጫውተን ያደግን ነን። ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ቈጥረው ከመቶ በላይ አድርሰዋቸዋል። በሀገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ከገደለ በኋላ ነው። ይህን ወረራ ይሉታል። በገና ቀን በሜዳ በሚደረገው ጨዋታም ጌታ ከሎሌው ጋር ይጋፋል፤ ቢመታም እንዳይቆጣ ልማድ ያዝዛል። ነቢዩ ዘካርያስም በ8ኛው ምዕራፍ የታደሰችውን ኢየሩሳሌም ሲያሳየን፤ በአደባባይዋ ልጆች ሲጫወቱ ያሳየናል እንጂ ሁሉም ዝም ብለው ተቀምጠው አያሳየንም።

በአንጻሩ በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናት ጳጳሱም ቄሱም ዲያቆኑም በዕጣ ቍማር ቢጠመድ እንዲተው፤ እንቢ ካለም ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛሉ። ቀኖናው ቍማሩን ለይቶ ያዘ፤ ጨዋታን ሁሉ አላወገዘም። ዛሬ ይህ ቀኖና የሚነካው ነገር በከተሞቻችን ተስፋፍቶአል፤ ይኸውም የእግር ኳስ ውርርድ ነው። ወጣቱ በአርሴናልና በማንችስተር ጨዋታ ላይ ገንዘቡን ያሲዛል፤ ዐሥር ጨዋታዎችንም በአንድ ቲኬት አያይዞ፤ ሁሉም ከገመትኩት ጋር ከተስማሙ በጥቂት ብር ብዙ ሺህ አገኛለሁ ይላል።

በዚህ ላይ ቍማር ኃጢአት ነው ብለን ብዙ ጊዜ ተናግረን የሰማን አልነበረም። አንድ ቀን ግን እንደ ባሕረ ሐሳብ ትምህርት ጠጠር ይዘን ተቀመጥንና ከልጆቹ ጋር ቈጠርን። አንዱ ግምት ከሁለት ጊዜ አንዱን ይሠምራል እንበል። ሁለቱ አብረው እንዲሠምሩ ከ4 አንድ ይሆናል፤ ሦስቱ ከ8 አንድ፤ አምስቱ ከ32 አንድ፤ ዐሥሩ ከ1024 አንድ። ይህም ለተወራራጁ አድልተን የቈጠርነው ነው፤ ጨዋታው በአቻ ውጤትም ሊያልቅ ይችላልና። ውርርድ ቤቱ ደግሞ ክፍያውን የሚተምነው ለራሱ ትርፍ አስቀርቶ ነው። ከልጆቹ አንዱ ጠጠሩን ደጋግሞ ሲቈጥር ቈየና፤ «ታዲያ እስካሁን ይህን ለምን አልነገሩንም?» አለን። እውነቱን ነው፤ እኛም ሳንመረምረው እናወግዘው ስለ ነበር ነው።

ስለ ሻደይ ደግሞ ጥቂት እንበል። ከፍልሰታ ጾም ፍቺ፤ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል በወገባቸው አሥረው ሲያዜሙ፤ በላስታ አሸንድዬ፤ በቆቦ ሶለል፤ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ የሚከበረው በዓል ዛሬ በየስልኩ ተቀርጾ በቲክቶክና በዩቲዩብ ይታያል። በዓሉ ረከሰ የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ የሰቆጣ ልጅ በስልኳ ሻደይን አይታ አለቀሰች ሲባል ሰምተን፤ ረከሰ ለማለት አንደፍርም። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ዜማው ለቀረጻ እንዲመች ከግማሽ በታች እየተቈረጠ፤ ትንሾቹ የሚያውቁት ያን ቍራጭ ብቻ ሆኖአል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ልጅቱ ሳትጠየቅ ምስሏን አሰራጭቶ ከሥሩ የስድብ ቃል እንዲጻፍባት ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርገው ስልኩ አይደለም፤ ያጐረስነውና ያቈረብነው የገዛ ልጃችን ነው። ለእርሱ የሚሆን ስብከት ግን በየደብራችን አልሰማንም።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ ወሬው ይቀንሳል ብለን ነበር። አልቀነሰም። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ያመጣውን ቃል ሰቆጣ ላይ አንዱ፤ በገበያ ሌላው፤ በሰንበቴ ሦስተኛው እያሰፋ አደረሰን። ለወሬ ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ከጥቂት ሰንበታት በፊት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያው ክርክር በተነሣ ጊዜ፤ ካላየነው አንናገርም ብለን ያን ዲያቆን፤ ልጄ፤ ለዚህ መሣሪያ በግእዝ ጉባኤ ቃና እንዲቀኝ ንገረውና የሚለውን ጽፈህ አምጣልን አልነው። በሚቀጥለው ሰንበት ሁለቱን ቤት አምጥቶ በሰንበቴው መካከል አነበበ። መረመርነው። ቃሉ ግእዝ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቤት አጠረ፤ ሁለተኛው ዜማውን ሳተ፤ ሰም አለው፤ ወርቅ የለውም። ይህን ስንናገር ካህናቱ ደስ አላቸው። እኛም እውነቱን ላለመሸሸግ፤ ባለፈው ዓመት ጉባኤ ቃና ከጀመሩት ተማሪዎቻችን ከአንዳንዶቹ እንደማይብስ ጨመርን፤ ያን ጊዜ ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ።

ስምንተኛው ሺህ ገባ ይሉ የነበሩት ሽማግሌም ጥዋቸውን አስቀምጠው፤ «እንግዲህ አልገባም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። ቤቱን መምታት እስኪችል ድረስ ይታገሡ አልናቸው።