መግሪብ የሌለው ጨዋታ

 

በዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ልጆች ጨዋታ ጥቂት እንነጋገር። «ጨዋታ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሰው ግን መልሱን እዚያው ያገኘዋል። ወንድሞቹ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ከአባታቸው ለመውሰድ ሲመጡ ያቀረቡት ምክንያት ነገ አብሮን ይውጣ፣ ይብላ፣ ይጫወት የሚል ነበር። ውስጣቸው ተንኮል አለ። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ግን ልጅ አይጫወትም አላሉም። ያስጨነቃቸው የልጃቸው መለየትና ተኩላው ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ መጫወት ለልጅ ተገቢው ነው፤ ከተኩላ መጠበቅ ደግሞ የአባት ኃላፊነት ነው።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንመልከት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ጓደኞቿ እሳቸው ሲገቡ አፍረው ሲደበቁ፣ መልሰው ወደሷ ይልኳቸው ነበር። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ መሐል ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው፣ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ጠየቋት። የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰማህም ወይ ብላ ስትመልስላቸው መንጋጋቸው እስኪታይ ሳቁ።

እኛን በቅርብ የሚነካ ሌላም ሐዲስ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን ከኋላቸው ከልለው እሷ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆመው አሳይተዋታል። እሷም ይህን ስታወራ፣ ጨዋታ የምትወድን ለጋ ልጅ ፍላጎት እንድንገምት አሳስባለች። የአላህ መልዕክተኛ ለጨዋታዋ ሲሉ በእግራቸው ቆመው ጠበቁ። እኛስ ለልጆቻችን ስንት ደቂቃ ቆመናል?

ኢማም አል-ገዛሊም «ኢሕያ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ልጅ ከቁርኣን ትምህርቱ ሲመለስ ድካሙን የሚያወጣበት ጥሩ ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ጽፈዋል። ሁልጊዜ በትምህርት ብቻ ማጨናነቅ ልቡን እንደሚገድለውና አእምሮውን እንደሚያደነዝዘውም አስጠንቅቀዋል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ወደ ጥናት፣ ከጥናት ወደ መድረሳ እየተመላለሰ አየር የማያገኝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በከተሞቻችን ያደገ ሰው ጨዋታዎቹን አይረሳም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ሱዚ፣ ድብብቆሽ። ቀይ አፈር በርበሬ የሚሆንበት እቃ እቃ። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ተጠቅጥቆ የሚሠራው ኳስ። ገንዘብ አልወጣባቸውም፤ ያስተማሩት ግን ብዙ ነበር። ልጁ ተራውን መጠበቅ፣ ሲሸነፍ መቻል፣ «አጭበረበርክ» ሲባል መመለስን ይማራል። ከሁሉም በላይ መታረቅን ይማራል። ጠዋት የተጣላውን ልጅ ከሰዓት ይፈልገዋል፤ ያለሱ ቡድኑ አይሞላም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት በሐዲስ የምናውቀውን፣ ያ ሰፈር በየቀኑ ያለማምደው ነበር።

እርግጥ ያ ዘመን እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። መንገድ ላይ በመኪና የተገጨ፣ በትልልቆች የተደበደበ ልጅ ነበር። ብይና ቆርኪ እየተበላሉ መጫወትም ቁማርን የሚያለማምድ ነውና የሚያስመሰግን አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ጨዋታ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ማብቂያ ነበረው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ልጆች ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ሸይጧኖች የሚሰራጩበት ሰዓት ስለሆነ ልጆቻችንን እንድንሰበስብ አዘዋል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ዛሬ ሜዳው ፎቅ ሆኗል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መኪና ማቆሚያ ነው። እናትም አባትም ከሥራ ደክመው ይገባሉ። ልጁ ከውጭው ተኩላ ይጠበቅ ተብሎ በር ተዘግቶበት ስልክ ተሰጠው። ስልኩ ግን መግሪብ የለውም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል። ጨዋታውም ላይ የሚኮረፍ፣ የሚታረቁት ጓደኛ የለም፤ ሲያናድድ ይዘጋና ሌላ ይከፈታል። አዛን ሲሰማ ቀና የማይል ልጅ ያየን ጊዜ በልጁ እንቆጣለን። ስልኩን ለፀጥታችን ብለን የሰጠነው እኛ ትልልቆቹ መሆናችንን ግን እንዘነጋለን። በሩን የዘጋነው ተኩላው ውስጥ እያለ እንዳይሆን እንፍራ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዛሬ ጁሙዓ ጀምሮ የሚቻሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ለስልኩ መግሪብ እናብጅለት። አዛን ሲል የልጁም የአባቱም የእናቱም ስልክ አንድ ቦታ ይቀመጥ። አባት ይዞ ልጅ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ከዐስር በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ልጆቹን ይዘን እንውጣ። ጎረቤታሞች ተራ ብንገባ፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ቢጠብቃቸው፣ ለማንም አይከብድም። የጎረቤት ሐቅም አብሮ ይጠበቃል።

ሦስተኛ፣ የምናውቀውን አንድ ጨዋታ እናስተምራቸው። ስለ ጨዋታቸውም እንጠይቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትንሹን አቡ ዑመይርን ስለሚጫወትባት ወፍ ይጠይቁት ነበር።

አራተኛ፣ መስጂድ የመጡ ልጆችን አናሳዳቸው። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁዳቸውን እንዳስረዘሙ፣ ልጁን ማቻኮል ስላልፈለጉ እንደሆነም እንደተናገሩ አን-ነሳኢ ዘግበዋል። ከመስጂድ የተባረረ ልጅ የሚመለሰው ወደ ስልኩ ነው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ልጅነታቸው ደግሞ አንዴ ካለፈ አይመለስም።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ ከሚታየውም ከማይታየውም ተኩላ ይጠብቅልን። ኣሚን። በዚህ በተባረከ ቀን በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ።