የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?



በልጅነቴ በመድረሳ ስለ ጦሃራ ስንማር ኡስታዛችን ከሁሉ አስቀድመው ያስጠኑን የውሃን ነገር ነበር። ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በተለወጠ ውሃ ውዱእ አይደረግም። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በማይፈስ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውንም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ይህን ሁሉ ተምሬ ሳለ ግን ሐኪም ካዘዘልኝ አሞክሳሲሊን ግማሹን ውጬ ሲሻለኝ፣ የቀረውን ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ ደፋሁት። ኪኒን ውሃን ያበላሻል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ብዙዎቻችን «መድኃኒቱ ተላመደኝ» እንላለን። የሚላመደው ግን ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ጥቂት አንቲባዮቲክ ባለበት ውሃ ውስጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ መቋቋም የሚችሉት ተርፈው ይራባሉ። ይባስ ብሎ ይህን የመቋቋም ችሎታ የያዘውን ዘረመል የሌላ ዝርያ ለሆነ ባክቴሪያ እንኳ ያቀብላሉ። እንደ መዳብ፣ ዚንክና ሜርኩሪ ያሉ ከፋብሪካ የሚወጡ ብረቶችም ያግዟቸዋል፤ ብረቱንና መድኃኒቱን የሚያስችሉት ዘረመሎች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ፣ በብረቱ መካከል የተረፈው መድኃኒቱንም የሚቋቋም ሆኖ ይገኛል።

በሕንድ አገር ከሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቸሩ በተባለው ስፍራ 90 ያህል የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ «ተጣራ» ተብሎ በሚለቀቀው በዚያ ውሃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ተገኝቷል። በሽተኛ መድኃኒቱን ሲወስድ በደሙ ውስጥ ከሚኖረው መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው! በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች ከምንገዛው መድኃኒት ብዙው ከሕንድ የሚመጣ መሆኑን ስናስብ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

እዚሁም አቃቂ ወንዝ አለ። የመኖሪያ ቤቱን፣ የሕክምና ተቋሙንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ያልፋል፤ በዳርቻው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይጠጣበታል። አትክልቱም ወደየቤታችን ይመጣል።

«እኔ የደፋሁት ጥቂት ኪኒን ምን ያህል ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከፋብሪካው ጋር አይወዳደርም፤ ዋናው ጥፋትም መድኃኒቱን ያለአግባብ መዋጣችን ነው። ነገር ግን ከዋጥነው አሞክሳሲሊን እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። (ሐዲሱ ስለ አንቲባዮቲክ የተነገረ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማጣበቅ አልወድም።) እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

እንግዲህ ለዑለማዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ያልተለወጠ፣ ነገር ግን ሰውን የሚጎዳ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅ ሙስሊም ባለፋብሪካ፣ ውሃው ለዓይን የጠራ ስለሆነ ብቻ የጎረቤቱ ሐቅ የለበትም ማለት ይቻላልን?