ቀጠሮ ለማሽን ሲሰጥ፤ ነጋዴው ማወቅ ያለበት

«የሐበሻ ቀጠሮ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ማርፈድ ነው፡፡ በንግዱ ዓለም ግን ቀጠሮ የሚበላሸው አንዱ ወገን ስላረፈደ ብቻ አይደለም፡፡ ሁለቱም በሰዓታቸው ተገኝተው ሳይገናኙ የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ አንደኛው በአገሩ ሰዓት፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት ሲቆጥር፡፡

ችግሩ የቆየ ነው፡፡ አዲሱ ነገር ቀጠሮ የመያዙ ሥራ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች እየተሸጋገረ መምጣቱ ነው፡፡ ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይና ክላውድን የመሳሰሉት ረዳቶች በአማርኛ የተጻፈ ትእዛዝ ተቀብለው የሳምንቱን ሥራ ይደለድላሉ፣ ለስብሰባ አጀንዳ ያዘጋጃሉ፣ ከስልክ የቀን መቁጠሪያ ጋር ከተገናኙም ቀጠሮውን ራሳቸው ይመዘግባሉ፡፡ ይሁንና ረዳቱ የሚመዘግብበት መቁጠሪያ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነው፡፡ የጉና ገበሬና የደብረ ታቦር ነጋዴ የሚነጋገሩት ደግሞ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ነው፡፡

ጥቅሙ ምን ላይ ነው?

ለምሳሌ ያህል ከጉና ተዳፋት ድንች ሰብስቦ ወደ ባሕር ዳር የሚልክ አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ እንውሰድ፡፡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንች ከሚቆፍሩት ገበሬዎች፣ ከጫኝና አውራጆች፣ ከመኪና ባለቤት፣ ከተረካቢውና ከባንክ ጋር ቀጠሮ አለው፡፡ ከአንዱ ጋር የያዘው ቀጠሮ ሲንሸራተት የቀሩትም ይናጋሉ፡፡

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ሮናልድ ኮዝ በ1937 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በገበያ መጠቀም ራሱ ወጪ እንዳለው አሳይቷል፡፡ ሻጭና ገዢ ለመፈላለግ፣ ለመደራደርና ለመዋዋል የሚያጠፉት ጊዜና ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚከፈል ነው፡፡ ኮዝ በ1991 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፡፡ ረዳቱ የሚቀንሰው ይህን ወጪ ነው፤ ሁለት ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ሲጋጭ ያስታውሳል፣ መኪና ቢዘገይ የተቀሩትን ቀጠሮዎች እንደገና ይደረድራል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚላከውን መልእክት ያረቅቃል፡፡

ቀጠሮው ከተሳሳተ ግን ወጪው ተመልሶ ይመጣል፡፡ ለስሌት እንዲመች 100 ኩንታል የጫነ መኪና አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ፣ በዚያው ቀን ሌላ ጭነት ቀድሞት ገብቶ ዋጋው በኩንታል 50 ብር ወረደ እንበል፡፡ ነጋዴው 5,000 ብር አጣ ማለት ነው፡፡ የመኪና ማቆያና የጫኞች የውሎ ክፍያ በዚህ ላይ ይጨመራል፡፡

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምንጭ ሰዓት ነው፡፡ ነጋዴው «ማክሰኞ በ9 ሰዓት ይጫን» ብሎ ሲጽፍ ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው፡፡ ረዳቱ ቁጥሩን እንዳለ 9፡00 ብሎ ከመዘገበው በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል፡፡ ሾፌሩ በማለዳ መጥቶ ጫኞቹን ሲጠብቅ 6 ሰዓት ይባክናል፡፡ ረዳቱ አንዳንድ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን ራሱ ገምቶ በትክክል ይመልሳል፡፡ ነጋዴውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ አሥር ጊዜ ትክክል የሆነ ረዳት በአሥራ አንደኛው አይመረመርም፡፡

ሁለተኛው ምንጭ ቀን ነው፡፡ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ማክሰኞ ሲሆን በአውሮፓውያን ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው፡፡ በቀጣዩ ዓመት ግን ጥቅምት 3 የሚውለው ኦክቶበር 14 ነው፡፡ ምክንያቱም 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆንና የ2020 አዲስ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል፡፡ የአንድ ቀን ልዩነቱ እስከ የካቲት 21 ድረስ ይዘልቃል፡፡ ያለፈውን ዓመት መርሐ ግብር ገልብጦ የሚጠቀም ሰው በነዚህ ወራት በአንድ ቀን ይሳሳታል፡፡

ሦስተኛውና ብዙ የማይታሰበው በየወሩ የሚደጋገም ቀጠሮ ነው፡፡ «በየወሩ በ21» የተባለ ረዳት የአውሮፓውያንን 21 ሊይዝ ይችላል፡፡ በ21 ማርያምን የሚያከብር ገበሬ በዕለቱ ድንች አይቆፍርም፤ በዚያው ቀን የሚሰበሰብ ማኅበርም ይኖራል፡፡ በእኛ አቆጣጠር 21 በየ30 ቀኑ ይመላለሳል፤ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ግን ጳጉሜን ስለምትገባ 35 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ 36 ቀን ይሆናል፡፡ በተራ ዓመት ነሐሴ 21 ኦገስት 27፣ መስከረም 21 ኦክቶበር 1፣ ጥቅምት 21 ደግሞ ኦክቶበር 31 ነው፡፡ በመሆኑም በሴፕቴምበር ውስጥ የማርያም ዕለት አይገኝም፤ በኦክቶበር ግን ሁለት ጊዜ ይውላል፡፡ «በየወሩ» የሚለው ተራ ትእዛዝ ይህን ሊይዝ አይችልም፡፡

መፍትሔው

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ልዩ ሙያ አይጠይቁም፡፡

1ኛ. የስልኩና የቀን መቁጠሪያው የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መሆኑን ማረጋገጥ፡፡ ናይሮቢ ቢሆንም ሰዓቱ አንድ ነው፡፡

2ኛ. ደንቡን በመጀመሪያ በጽሑፍ መስጠት፡፡ ለምሳሌ፦ «የምጽፍልህ ቀንና ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፡፡ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን ካልገለጽሁ ከመመዝገብህ በፊት ጠይቀኝ፡፡ በግምት አትመዝግብ፡፡» ረዳቱ ይህን ለሁልጊዜ የሚያስቀምጥበት ቦታ ካለው እዚያ ማስገባት፣ ከሌለው ንግግር በተጀመረ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል፡፡

3ኛ. እያንዳንዱን ቀጠሮ በሦስት መልክ ማስጻፍ፤ በዕለቱ ስም፣ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት፣ በአውሮፓውያን ቀንና ሰዓት፡፡ «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ 15፡00» እንደማለት ነው፡፡ የዕለቱ ስም እዚህ ላይ እንደ መቆጣጠሪያ ያገለግላል፡፡ የሂሳብ ሠራተኛ ዴቢትና ክሬዲትን እንደሚያስተያየው ሁሉ ነጋዴውም ዕለቱን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው መቁጠሪያ ጋር ያስተያያል፡፡ ቀኑ በአንድ ከተሳሳተ ዕለቱ አይገጥምም፡፡

4ኛ. የሌሊት ቀጠሮን «ለረቡዕ አጥቢያ» በሚለው ብቻ አለመተው፡፡ ረዳቱ የማክሰኞን ወይም የረቡዕን ሌሊት ሊይዝ ስለሚችል «ረቡዕ ሊነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በአውሮፓውያን ረቡዕ 4፡00» ብሎ መዘርዘር ይሻላል፡፡

5ኛ. ወርኃዊ ቀጠሮዎችን «በየወሩ» ከማለት ይልቅ የዓመቱን 12 ቀኖች አስቆጥሮ አንድ በአንድ ማስመዝገብ፡፡

6ኛ. ተንቀሳቃሽ በዓላትንና አጽዋማትን ከታተመ የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ወስዶ መስጠት እንጂ ረዳቱ እንዲያሰላ አለመተው፡፡ በ2019 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ቀን ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፡፡ የጾም ወቅት ሸማቹ የሚፈልገውን ስለሚለውጥ ቀኑን መሳት ገበያውን መሳት ነው፡፡

ለማሽን የማይተው

ረዳቱ ያረቀቀው መልእክት ነጋዴው ሳያነበው መላክ የለበትም፡፡ ቀብድ የተከፈለበት ወይም መኪና የተያዘበት ቀጠሮ ደግሞ ለሌላው ወገን ስልክ ተደውሎ፣ ዕለቱና ሰዓቱ በቃል ተነግሮ፣ እርሱም መልሶ ሲናገረው መሰማት ይኖርበታል፡፡

የደንበኞች መረጃም ጥንቃቄ ይሻል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላውን ሰው መረጃ የሚይዝ ወገን ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል፡፡ ለቀጠሮ የሚያስፈልገው ስም፣ ቦታና ሰዓት ሆኖ ሳለ የደንበኛን የባንክ ሂሳብ ወይም የዕዳ መጠን ለረዳቱ ማካፈል ትርፍ የለውም፡፡

የመጨረሻው ጉዳይ ኔትወርክ ነው፡፡ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የደብረ ታቦር ነጋዴ አይረሳውም፡፡ ቀጠሮውን ሁሉ በረዳቱ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ኔትወርክ በጠፋ ዕለት ገበሬው ማን፣ መኪናው የት እንደሆነ አያውቅም፡፡ እሑድ ማታ የሳምንቱን ቀጠሮና ስልክ ቁጥሮች ከስልክ ወደ ደብተር መገልበጥ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፡፡ በመገልበጡ ላይ ሳሉ ዕለትና ቀን ያልገጠመ ቀጠሮ ካለም ያን ጊዜ ይታያል፤ መኪናው ሳይነሳ፣ ጫኞቹ ሳይጠሩ፡፡