«ላይት» ስንት ፍች አለው?

እንግሊዝኛና ዐረብኛ አጣምራችሁ ለምትማሩ ወንድሞችና እህቶች ዛሬ «ላይት» የተባለችውን ቃል መርጫለሁ። ሻንጣው ከባድ አይደለም ሲባል «ላይት» ነው፤ ዐረቡ «ኸፊፍ» ይለዋል። ቀለል ያለ ምግብም እንዲሁ። ፈካ ያለ አረንጓዴ ግን «ፋቲሕ» ነው። እሳት መለኮስም በእንግሊዝኛ ያው «ላይት» ሲሆን በዐረብኛ «አሽዐለ» ይባላል።

ይህ ሁሉ ለገበያ ይበቃል። ጭንቁ ብርሃን የሚለው ፍች ነው። በሱረቱ ዩኑስ 5ኛው አንቀጽ ፀሐይ «ዲያእ»፣ ጨረቃ ደግሞ «ኑር» ተብለዋል። ብዙ ሙፈሲሮች «ዲያእ» ከ«ኑር» የበረታ መሆኑን ያስረዳሉ። ሁለቱንም «ላይት» ብሎ ያለፈ ትርጉም ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ የእኛው «ብርሃን»ም ቢሆን ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ እኔ ለፀሐይዋ «አንጸባራቂ»፣ ለጨረቃዋ «አብሪ» ማለቱን እመርጣለሁ።